ትልቁን ፋብሪካ ያዳነች ትንሽ ሞተር

በአዳማ፣ በሐዋሳ ወይም በድሬዳዋ ጎዳና ስታልፉ ባጃጅ የምትባለውን ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ሳታዩ አትቀሩም፤ ምናልባትም ወደ ሥራችሁ የምትሄዱት በእርስዋ ይሆናል። ይህች ተሽከርካሪ የዘር ሐረግዋ ቢቈጠር ከሞተር ብስክሌት ወገን ናት። የኢጣልያው የፒያጆ ፋብሪካ በ1946 ቬስፓ የተባለችውን ትንሽ ሞተር ብስክሌት አወጣ፤ በ1948ም በቬስፓ ሞተር የምትንቀሳቀስ ባለ ሦስት እግር የዕቃ መጫኛ ሠራ። ባጃጅ የመጣችው ከዚያ ዘር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናስታውቃለን።

የሞተር ብስክሌትን ሞተር በትንሽ መኪና ውስጥ ማግባት ለብዙ ሰው የድኻ ብልሃት ብቻ መስሎ ይታየዋል። ነገር ግን በዓለም ስመ ጥር ከሆኑት የመኪና ፋብሪካዎች አንዱ ከጥፋት የዳነው በዚሁ ብልሃት ነው። ዛሬ የምንነግራችሁም የዚያን ፋብሪካ፣ የጀርመኑን የቢ.ኤም.ደብልዩን ታሪክ ነው።

ይህ ፋብሪካ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በሙኒክ ከተማ የአውሮፕላን ሞተር በመሥራት ተነሣ። ጀርመን ከተሸነፈች በኋላ በ1919 የተፈረመው የቬርሳይ ውል ይህን ሥራ ስለ ከለከለው ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ፤ በ1923ም ማክስ ፍሪትስ የተባለው መሐንዲስ የነደፈውን ሞተር ብስክሌት ለገበያ አቀረበ። የሞተሩ ሁለት ሲሊንደሮች እንደ ተዘረጉ ክንዶች ግራና ቀኝ ተጋድመው ነፋስ በቀጥታ ያገኛቸዋል። ይህ አሠራር እጅግ ስለ ተወደደ የፋብሪካው መታወቂያ ሆነ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፋብሪካው ለናዚ መንግሥት የአውሮፕላን ሞተር ይሠራ ነበር፤ በግዳጅ የተጋዙ ብዙ ሺሕ ሰዎችም በዚያ ጉልበታቸው ተበዝብዟል። ጦርነቱ ሲያልቅ የሙኒኩ ፋብሪካ በቦምብ ተጎድቶ መሣሪያዎቹ ተነቅለው ተወሰዱ፤ መኪና ይሠራበት የነበረው የአይዘናኽ ፋብሪካ ደግሞ በሶቪየት ወታደሮች ክልል ውስጥ ቀረ። በ1948 እንደ ገና ሥራ የጀመረው በአንዲት ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ብስክሌት ነበር።

ከዚህ በኋላ ግን የፋብሪካው አለቆች የቀድሞ ክብራቸው ታወሳቸውና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ትልልቅና ውድ መኪናዎች መሥራት ጀመሩ። መኪናዎቹ ያማሩ ነበሩ፤ ነገር ግን ከጦርነት የወጣው ሕዝብ ሊገዛቸው አልቻለም። በ1955 ለዓለም ከታየችው 507 ከተባለችው ውብ መኪና ተሠርቶ የወጣው በጠቅላላው 250 ያህል ብቻ ነው። ኪሳራውን የሚሸፍነው የሞተር ብስክሌቱ ገበያ ነበር። እርሱም ቢሆን ሠራተኛው ደመወዙ ከፍ ባለ መጠን ከዝናብና ከብርድ የሚጠለልበት መኪና ስለ ፈለገ ወደቀ፤ በ1954 ወደ 30,000 ይጠጋ የነበረው የሞተር ብስክሌት ሽያጭ በ1957 ከ6,000 በታች ሆነ።

እንግዲህ መካከለኛው መንገድ ምን ነበር? መልሱ የመጣው ከኢጣልያ ነው። ኢሶ የተባለው ፋብሪካ በ1953 ኢሴታ የምትባል፣ እንቁላል የምትመስልና በርዋ ከፊት ለፊት የሚከፈት ትንሽ መኪና አሳይቶ ነበር። ቢ.ኤም.ደብልዩ የመሥራት ፈቃዱን ገዛ፤ የኢጣልያውን ሞተር ትቶ ግን የራሱን ሞተር ብስክሌት ባለ 247 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ሞተር አገባባት። መኪናይቱ በ1955 ለገበያ ወጣች፤ ጉልበትዋ 12 የፈረስ ጉልበት፣ ፍጥነትዋም በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር ነበር። የሞተሩ ልክ ከ250 በታች መሆኑ ሌላም ጥቅም ነበረው፤ ቀደም ሲል የተሰጠ የትንሽ ሞተር ብስክሌት መንጃ ፈቃድ በእጁ ያለ ሰው አዲስ ፈተና ሳይፈተን ሊነዳት ይችል ነበር።

ይሁን እንጂ፣ አንባቢዎች ሆይ፣ ሥራው ሞተሩን ከአንዱ ነቅሎ በሌላው የመትከል ያህል ቀላል አልነበረም። ሞተር ብስክሌት ሲሮጥ ነፋሱ ራሱ ሞተሩን ያቀዘቅዘዋል፤ በመኪና ሆድ ውስጥ ሲዘጋበት ግን ስለሚግል በቆርቆሮ ተሸፍኖ በማራገቢያ አየር እንዲነፋበት አስፈለገ። የዚያን ጊዜ ሞተር ብስክሌት በእግር ተረግጦ ይነሣ ነበር፤ መኪና ሞተሪኖ ይሻል፤ መሐንዲሶቹም ሞተሪኖውንና ዲናሞውን በአንድ መሣሪያ አጣመሩት። ሞተር ብስክሌተኛ ወደ ኋላ መመለስ ሲፈልግ በእግሩ ይገፋል፤ ለመኪናይቱ ግን የኋላ ማርሽ ተጨመረላት። በርዋ ከፊት ስለ ሆነም የኋላ ማርሽ ባይኖራት ኖሮ ግድግዳ ተጠግቶ ያቆማት ሰው በበርዋ መውጣት ባልቻለ ነበር።

ሌላው ችግር መታጠፍ ነው። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው ይልቅ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ሁለቱን የሚያስማማ ዲፈረንሻል የተባለ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ይህም ዋጋና ክብደት ይጨምራል። በኢሴታ ግን ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በ52 ሴንቲ ሜትር ብቻ እንዲራራቁ ስለ ተደረገ መሣሪያውን መተው ተቻለ፤ ኃይሉም እንደ ሞተር ብስክሌት በካቴና ወደ ኋላ ጎማዎች ተላለፈ። ሞተሩ በቀኝ በኩል ስለ ተቀመጠ በግራ የሚቀመጠው ነጂ ክብደት ሚዛኑን ያስተካክል ነበር።

መኪናይቱ ተወደደች። ምርትዋ በ1962 እስኪቆም ድረስ ቢ.ኤም.ደብልዩ ከ160,000 በላይ ሠራ። ነገር ግን ኢሴታ የምትይዘው ሁለት ሰው ነበርና ልጆች ያሉት ሰው ሌላ ፈለገ። ፋብሪካው በ1957 መኪናይቱን አስረዝሞ፣ የትልቁን ሞተር ብስክሌት ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ከኋላ አግብቶ፣ 600 የተባለች ባለ አራት መቀመጫ መኪና አወጣ። የፊት በሩን ግን አልተወም። ዋጋዋ ወደ ፎልክስቫገን ስለ ቀረበ ገዢው ያንን መረጠ፤ 35,000 ያህል ከተሠሩ በኋላም ሥራው ቆመ። ሕዝቡ በሞተሩ አልተከፋም ነበር፤ የፈለገው ቤተሰቡን በክብር የሚያስገባበት፣ በጎን የሚከፈት በር ያለው መኪና ነበር።

ይህን የተረዱት ባለሙያዎች ከዚያው ከሞተር ብስክሌት የተወረሰውን ሞተር ወደ 697 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አሳድገው ኢጣልያዊው ጆቫኒ ሚኬሎቲ ቅርጹን ባወጣላት መኪና ውስጥ አኖሩት። ባለ 30 የፈረስ ጉልበት የሆነችው ይህች መኪና፣ 700 ተብላ፣ በ1959 ለሕዝብ ታየች። ጊዜው ግን መሽቶ ነበር። የፋብሪካው ዕዳ ስለ በዛ አስተዳዳሪዎቹ ለተፎካካሪው ለዳይምለር ቤንዝ ለማስረከብ አሰቡ፤ ታኅሣሥ 9 ቀን 1959 ባለ አክሲዮኖች በሙኒክ ለውሳኔ ተሰበሰቡ።

በጉባኤው ላይ ትንንሾቹ ባለ አክሲዮኖችና የመኪና ሻጮቹ ተቃወሙ። ጠበቃቸው ፍሪድሪኽ ማተርን የሒሳቡን መግለጫ ሲመረምር 700ን ለማዘጋጀት የወጣው ገንዘብ ለብዙ ዓመታት መከፋፈል ሲገባው በአንድ ዓመት ወጪ ላይ መጫኑን አገኘ። ኪሳራው ከእውነቱ ይልቅ ገዝፎ የታየው በዚህ ነበር። በሕጉ መሠረት የሒሳብ ስሕተት ከተገኘ ከአክሲዮኑ ዐሥር በመቶ የያዙት ድምፅ ብቻ ጉባኤውን ለማስተላለፍ ይበቃ ነበር። ድምፁ ተገኘ፤ የሽያጩም ሐሳብ ወደቀ። ከዚህ በኋላ ሄርበርት ክቫንት የተባለው ባለጸጋ በፋብሪካው ላይ እምነት አድሮበት ድርሻውን አሳደገ። 700 እስከ 1965 ድረስ ከ188,000 በላይ ተሠራች፤ ፋብሪካውን ወደ ታላቅነት የመለሰችው 1500 የተባለች መኪናም በ1961 ለመታየት በቃች።

ክቡራን አንባቢዎች፤ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል ይባላል። የቢ.ኤም.ደብልዩ አለቆች ክብራቸውን በውድ መኪና ሲፈልጉት መድኃኒታቸው በሞተር ብስክሌቱ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እርሱም ቢሆን ብቻውን አልበቃም፤ የሚቀዘቅዝበት፣ የሚነሣበትና ወደ ኋላ የሚመለስበት ነገር በትዕግሥት ተጨመረለት፤ ገዢው የሚፈልገውም ተጠየቀለት፤ በመጨረሻም ቍጥር በጥንቃቄ የሚያነብ አንድ ሰው ተገኘለት። በየመሥሪያ ቤታችን አንድ ሥራ ተስፋ ቈርጠን ከመዝጋታችን በፊት መጋዘኑንና መዝገቡን አንድ ጊዜ ደግመን ብንመለከት ምን ይጎድልብናል?