ፎርማይካ በአዋሽ መንገድ

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነስቶ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ሰመራ የሚገባ ሰው ብዙ ባንኮኒ ያያል፤ የሻይ ቤት፣ የምግብ ቤት፣ የመድኃኒት ቤት። እኔ ካየኋቸው የሚበዙት እምነ በረድ መሳይ ናቸው፤ ነጭ መደብ፣ ግራጫ ሥር የሚሮጥበት። ክርን ሲያሳርፉበት ግን የድንጋይ ቅዝቃዜ የለውም። በጣት አንኳኩት፤ ባዶ ሳጥን ይመስላል። ወረቀት ነዋ! ሙጫ የጠጣ ወረቀት።

ስሙም ቢሆን አይዋሽም። እ.ኤ.አ. በ1912 አሜሪካ ውስጥ በዌስቲንግሃውስ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ዳንኤል ኦኮኖርና ኸርበርት ፌበር ለኤሌክትሪክ ዕቃ መከላከያ የሚሆን፣ ማይካ የተባለውን ማዕድን የሚተካ ነገር ሠሩ። «ፎር ማይካ» ማለት በማይካ ፋንታ ማለት ነው። በዓመቱ ሲንሲናቲ ከተማ ላይ የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። ያኔ ማንም ስለ ውበቱ አላሰበም። በ1927 ግን ከሥር ያለውን ጥቁር ወረቀት የሚጋርድ ንጣፍ ተገኘና ከላዩ የእንጨትና የእምነ በረድ ሥዕል ማተም ተቻለ። ምትክ ሆኖ የተወለደው ነገር መምሰልን ሥራው አደረገ።

አሠራሩ ብዙም ምስጢር የለውም። ፌኖል ሙጫ የጠጡ ቡናማ ወረቀቶች ይደራረባሉ፤ ከላይ ሥዕል የታተመበት፣ ሜላሚን የጠጣ አንድ ወረቀት ይጨመራል፤ ከዚያ በከባድ መጫኛ ከ100 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ይጨመቃል። የሚወጣው ቅጠል ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ገበያው የሚቆመው በዚያች በላይኛዋ ወረቀት ነው። በ1950 ብሩክስ ስቲቨንስ «ስካይላርክ» የተባለውን፣ በኋላ ቡመራንግ እየተባለ የታወቀውን ሥዕል አወጣ። በ1978 ደግሞ ጣሊያናዊው ኤቶሬ ሶትሳስ «ባክቴሪዮ»ን ሠራ፤ በአጉሊ መነጽር የታዩ ትሎች የሚመስሉ ጥቁር ቁርጥራጮች። ወረቀቱ ምንም አልመስልም፣ ራሴን ነኝ ያለበት ጊዜ ይመስለኛል።

በዚህ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ሥዕል አንድም ቀን አላጋጠመኝም። እዚህ የሚሸጠው አዲስነት ሌላ ነው፤ የአዲስ አበባን ትልቅ ሆቴል መምሰል። ባለ ሻይ ቤቱ ሞኝ አይደለም፤ እምነ በረድ አለመሆኑን ያውቃል፣ ደንበኛውም ያውቃል። የሚገዛው ነጣ ያለ፣ በእርጥብ ጨርቅ አንዴ ሲጠርጉት አቧራው የሚለቅ፣ ከመኪና የወረደ ሹፌር አይቶ «ንጹሕ ቤት ነው» የሚልበትን ነገር ነው። አቧራ በማያባራበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ባንኮኒ ራሱ የመንገደኛ ዕቃ ነው። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፤ ኮላም፣ ኮምፔንሳቶም እንዲሁ። ከአናጺው ዕቃ መካከል ፎርማይካ ግን በእንግሊዝኛ የመጣ እንግዳ ይመስላል። በአዋሽ በኩል መንገደኛን ያመጣው መጀመሪያ ባቡሩ ነበር። ከጂቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ አዋሽ ጣቢያ ሆነ፣ ከጣቢያው አጠገብም ቡፌ ዳዋሽ የመንገደኛ ማረፊያ ሆኖ ቆየ። ሰመራ ግን የባቡር ልጅ አይደለም። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ በር ተዘጋ፤ የአገሪቱ ገቢ ዕቃ ወደ ጂቡቲ ዞረ፣ የጋላፊ፣ የሰመራና የአዋሽ መንገድም የከባድ መኪና ወንዝ ሆነ። የክልሉ መቀመጫ ከአሳይታ ወደ ሰመራ ሲዛወር ደግሞ ቢሮ፣ ባንክና ሆቴል ተከተለ፤ ሁሉም ባንኮኒ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ቅጠሉ በኮንቴይነር ታሽጎ በሰመራ በር ያልፋል፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይራገፋል፣ መርካቶ ይሸጣል፤ ከዚያ በኤፍኤስአር ጀርባ ተጭኖ ወደ ሰመራ ይመለሳል። ባለ ሻይ ቤቱ በደጁ ላለፈ ዕቃ የደርሶ መልስ ይከፍላል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ዋጋው ሌላ ሆኗል።

ገንዘቡ ወጥቶም ሙቀቱ አለ። ሰመራ 40 ዲግሪን በቀላሉ ታልፋለች፤ ፀሐይ የሚያገኘው ባንኮኒ ላይ ኮላው ይላላል፣ ጠርዙ ይነሳል፣ በተነሳው በኩል ውሃ ይገባል፣ ከሥር ያለው ቺፑድ እንደ ተነከረ ዳቦ ያብጣል። አናጺዎች ጠርዙን በአሉሚኒየም ይጠፍሩታል። ያምራል ማለት አልችልም፣ ግን ያቆየዋል።

የአፋር ሴቶች ቤት የሚሠሩበትን ሰሌን ሳይ ልዩነቱ ይታየኛል። በሰሌን ላይ ጌጡ ከሥራው አይለይም፤ ያው የዘምባባ ቅጠል ሲጠላለፍ ጌጥም ግድግዳም ይሆናል፣ ሙቀት ቢፈራረቅበት የሚላቀቅ ፊት የለውም። ባንኮኒ ይሁን አልልም፤ የፈሰሰ ሻይ አይጠረግበትም።

የእንጨት ሥዕል የታተመበት ፎርማይካ ግን ይከነክነኛል። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ወደ መካከለኛው አዋሽ የገባው ፕሮሶፒስ፣ አፋሮች ደርጊ ሃራ የሚሉት እሾሃም ዛፍ፣ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ የአፋር መሬት ይዟል። ግጦሹን ዘግቷል፣ ከብቱን ጎድቷል። እንጨቱ ግን ጠንካራ ነው፤ ዘመዱን ቴክሳስ ውስጥ የወለል ንጣፍና የቤት ዕቃ ይሠሩበታል። እዚህ የሚበዛው ከሰል ሆኖ በጆንያ ነው የሚወጣው። ግንዱ ጠማማና አጭር ስለሆነ ጣውላ ማውጣት ያስቸግራል። ቺፑድ ግን ቀጥ ያለ ግንድ አይፈልግም፤ ተፈጭቶ፣ በሙጫ ተለውሶ የሚጨመቅ ነው፤ ማይጨው ላይ ከባሕር ዛፍ ሲሠራ ቆይቷል። ከሰመራው ባንኮኒ ፊት ሥር ያለው ቦርድ ግን ከሌላ ቦታ ዛፍ የመጣ ነው፤ ደርጊ ሃራው ከሻይ ቤቱ ጓሮ ይጀምራል።