«አርጅቷል፣ አዲስ ግዙ»

ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ፍርዱ ያው ነው፦ «ቫይረስ ገብቶበታል»፤ ካልሆነም «አርጅቷል፣ አዲስ ግዙ»። እኛም አንዷን «አርጅታለች» ብለን በርካሽ ሸጠናታል። ጥፋቱ የፕሮግራሙ ይሆን እንዴ ያለ አልነበረም።

እናላችሁ፣ ግምት ባለሙያውንም እንደሚያሳስት ከታወቀ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል። ዶናልድ ክኑዝ በ1971 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ጥናት በፎርትራን የተጻፉ ፕሮግራሞችን ሰብስቦ በውስጣቸው ቆጣሪ አስገባ፤ እያንዳንዱ መስመር ስንት ጊዜ እንደሠራ ለማወቅ። ውጤቱ ጉድ ነበር። 4 በመቶ እንኳ የማይሞላው የፕሮግራሙ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከሥራው ሰዓት ከግማሽ በላይ ይበላል። ይባስ ብሎ ቆጣሪው ፕሮግራም በራሱ ላይ ሲሞከር እሱም ከግማሽ በላይ ጊዜውን ሁለት ቦታ ላይ ሲሽከረከር ተያዘ!

ጢስ ዓባይን ያየ ሰው ይህ አይከብደውም። ዓይን የሚስበው ፏፏቴውና ጢሱ ነው። ከ1964 ጀምሮ ግን ከፊሉ ውኃ ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ይጠለፋል፤ በ2001 ሁለተኛው ሲጨመርማ ባሰ። ወደ ቦዩ ስንቱ እንደገባ ጢሱን አይቶ መናገር አይቻልም፤ መለኪያ ይፈልጋል።

ወደ ነገራችን እንመለስ። በ1982 የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሱዛን ግራሃም፣ ፒተር ኬስለርና ማርሻል ከርክ ማኩሲክ ጂፕሮፍን ይዘው ብቅ አሉ። ከዚያ በፊት የነበረው ፕሮፍ የትኛው ንዑስ ፕሮግራም ሰዓት እንደበላ ይናገራል፤ ማን እንደላከው ግን አይናገርም። ጂፕሮፍ ላኪውንም ያዘ። ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙን ወደ ማሽን ቋንቋ ሲመልስ በየንዑስ ፕሮግራሙ ደጃፍ አንድ ዘበኛ ያቆማል፤ ዘበኛው ማን ማንን እንደጠራ ይመዘግባል። ሰዓቱ ደግሞ በየአፍታው ፕሮግራሙ የት እንደደረሰ እየታየ ይሰላል። ዘበኛም ደመወዝ አለው፦ ፕሮግራሙ ከ5 እስከ 30 በመቶ እንደሚዘገይ ሠሪዎቹ ራሳቸው ጽፈዋል።

ምንጩ በእጃችን የሌለ፣ ተተርጉሞ ያለቀ ፕሮግራምስ? በ1994 የዲጂታል ኩባንያ ባልደረቦች አሚታብ ስሪቫስታቫና አላን ዩስታስ አቶምን አቀረቡ፤ የተተረጎመውን ፋይል ከፍቶ መለኪያ ይሰካበታል። በ2005 በጥናት የቀረበው የኢንቴሉ ፒን ደግሞ ፋይሉን ሳይነካ፣ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ መለኪያውን ያስገባል።

ያቺን የሸጥናትን ማሽን የገዛው ሰው እስካሁን ይሠራባታል አሉ፤ አንዱን ፕሮግራም ብቻ አጥፍቶላት።