ሱቁ ሲዘጋ ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ነበር

ሰሞኑን ለንደን የሚኖር የልጅነት ጓደኛዬ አንድ ፎቶ ላከልኝ። ባለ አራት ፎቅ ትልቅ መደብር ነው። መስታወቱ ከውስጥ በወረቀት ተሸፍኗል፣ በሩ በሰንሰለት ታስሯል። ከሥሩ «አየህ፣ ሱቅ የሚዘጋው ሉማሜ ብቻ አይደለም» የሚል ጽፎበታል። ሊያጽናናኝ ነው። ከጥቂት ቀናት በፊት ሁለታችንም ከረሜላ እየገዛን ያደግንበት የሉማሜ ሱቅ መዘጋቱን ነግሬው ነበር።

መልስ ልጽፍለት ጀመርኩ። በሁለት መስመር አላልቅ ሲለኝ ለእናንተም ላካፍላችሁ ብዬ ወደዚህ አመጣሁት።

ሉማሜን ለማታውቁ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ስትጓዙ ዓባይን ተሻግራችሁ፣ ደጀንን አልፋችሁ የምታገኟት የአዋበል ወረዳ ከተማ ናት። ዙሪያዋ የጤፍ አገር ነው። ያ ሱቅ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ የቆርቆሮ በር ነው። ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ላምባ፣ ደብተር፣ ሲፈለግም አቡጀዲ ይሸጥበት ነበር። ግድግዳው ላይ «ዛሬ በካሽ፣ ነገ በዱቤ» የሚል ተለጥፏል። ባለሱቁ ጋሼ ግን ጽሑፉን ራሳቸው አያከብሩትም። ከሚዛኑ ጎን ጠርዙ የተበላ የዱቤ ደብተር ነበራቸው። ገበሬው እህል እስኪደርስ፣ መምህሩ ደመወዝ እስኪወጣ እዚያ ላይ ይኖራል። እናቴም እዚያ ላይ ኖራለች።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በቀጠለው ጦርነት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ዕቃ አይገባም። ዕቃ ሲገባም ዋጋው ሌላ ነው። ጋሼ ሁለት ዓመት ያህል ታገሉና ዘጉት። ሸማቹ ግን አልሄደም። ዛሬም ጨው ይፈልጋል፣ ዛሬም ሳሙና ይፈልጋል።

ለጓደኛዬ ልነግረው የፈለግኩት ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

በእነሱ አገር ትልቁ መደብር የተወለደው ገዢን ለመሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1852 አሪስቲድ ቡሲኮ በፓሪስ ቦን ማርሼ የተባለውን ሱቅ በሽርክና ሲይዝ ያመጣው ለውጥ ቀላል ይመስላል። ዋጋ ዕቃው ላይ ተለጠፈ፤ ሳይገዙ ገብቶ ማየት ተፈቀደ፤ ያልወደዱትን መመለስ ተቻለ። ሌላው ሁሉ ይህንን ተከትሎ አደገ። መደብሮቹ የሞቱትም ገዢ ሲርቃቸው ነው። የብሪታንያው ውልዎርዝስ እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ 807 ሱቆቹን ዘግቶ ጨረሰ። ታሪኩን ከ1778 የሚቆጥረው ደበንሃምስ በ2021 የመጨረሻ በሮቹን ዘጋ። ሸማቹ መጀመሪያ ከከተማ ዳር ወዳሉ የገበያ ማዕከሎች ሄደ፣ ቀጥሎ ወደ ስልኩ። ሠራተኛው ሥራ አጥቷል፣ የከተማው እምብርትም ጨልሟል፤ ያሳዝናል። ግን የፈረደው ገዢው ነው።

የእኛ ሱቆች ታሪክ ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ሱቅ ሲዘጋ ደንበኛው አብዛኛውን ጊዜ በር ላይ ቆሞ ነበር።

ከሰፈራችን ልጀምር። በ19ኛው መቶ ዘመን በጎጃም ትልቁ ገበያ ባሶ ነበር፤ ዛሬ ስሙ በባሶ ሊበን ወረዳ ተርፎ የምናገኘው። ከሰሜን አሞሌ ጨው ይመጣል። ከዓባይ ማዶ፣ ከጉድሩና ከእናርያ በኩል ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይሻገራል። ባሪያም ይሸጥበት ነበር፤ ይህን ሳንሸፍን እናንሳው። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በምኒልክ ተሸንፈው ሲማረኩ ከዓባይ ማዶ ያለው ሀብታም አገር ከጎጃም እጅ ወጣ። የደቡብ ምዕራቡ ንግድ ፊቱን ወደ ሸዋ፣ ኋላም ወደ አዲስ አበባና ወደ ባቡሩ አዞረ። ባሶን ያደከመው የሸማች ጥላቻ አይደለም። የንግዱን በር የያዘው እጅ ተቀየረ።

ንግዱ የሄደበትን ተከትለን አዲስ አበባ እንግባ። አራዳ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ ገበያው ይቆማል። በዙሪያው የህንድ፣ የአርመን፣ የግሪክና የየመን ነጋዴዎች ሱቅ ከፈቱ። አያቶቻችን ሱቅን በደፈናው «አረብ ቤት» ይሉት የነበረው ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። ከሁሉም የገዘፈው የህንዱ መሐመድ አሊ ኩባንያ ነበር። በምኒልክ ዘመን ገብቶ በየከተማው ቅርንጫፍ አበጅቶ ጨርቁንም ብረታ ብረቱንም ያስመጣ ነበር። ትልቅ መደብር የሚባለውን ነገር ኢትዮጵያ ውስጥ ለማየት የሚፈልግ ሰው ያኔ የሚሄደው እዚያ ነው። ጣሊያን አገሪቱን ሲወር የራሱን ነጋዴዎች ሊተክል ፈለገና እ.ኤ.አ. በ1937 ኩባንያውን አስወጣው። አራዳን የነጮች ሰፈር፣ ፒያሳ አደረገው፤ የሀገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ መርካቶ አለው። ዛሬ በኩራት የምንጠራቸው የሁለቱ ሰፈሮች ስሞች የተወለዱት ከአንድ የማፈናቀል ውሳኔ ነው።

ጣሊያን ሲወጣ ፒያሳ እንደገና ቆመ። ወርቅ ቤቱ፣ ሰዓት ሠሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ ኬክ ቤቱ ተደረደረ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ደግሞ ብዙዎቻችን ልብ የማንለው አንድ ነገር ደነገገ። በዚያ ሕግ የንግድ መደብር ማለት ግድግዳው አይደለም። የመደብሩ ዋና አካል መልካም ዝናው ነው፤ ማለትም ደንበኛው ወደዚያ በር ተመላልሶ የመምጣቱ ነገር። ሊሸጥና ሊከራይ የሚችል ሀብት ነው ብሎ ሕጉ አወቀው። የጋሼ ደብተር፣ በሕግ ቋንቋ ሲነገር፣ ይህ ነው።

ሕጉ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው አብዮቱ መጣ። ጥር 1967 ዓ.ም. 72 ድርጅቶች ተወረሱ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራየው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሚከራየው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው የንግድ አዋጅ ደግሞ የችርቻሮ ነጋዴ ካፒታል ከ200 ሺህ፣ የጅምላው ከ300 ሺህ ብር እንዳያልፍ ወሰነ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ትልቅ መደብር ትንሽ ሱቅ ሆኖ ነው የሚጀምረው። አዋጁ ለነጋዴው «ሱቅህን አልዘጋብህም፣ ግን እንዳታድግ» አለው።

ባዶውን ቦታ የቀበሌ ሕብረት ሱቅ ያዘው። በደብተር የሚታደል ስኳር፣ በሰልፍ የሚገኝ ሳሙና የዚያን ዘመን ሰው አይረሳውም። በእኛ በኩል የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ለገበሬው ኮታ፣ ለእህል ነጋዴው ገደብ ይዞ መጣ። የጎጃም ጤፍ ሻጭም ገዢም ሞልቶት እያለ በመካከል ያለው ነጋዴ ዕቃውን መንግሥት በተመነው ዋጋ እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር። ይህ ሁሉ ላላ የተባለው የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው፤ ያኔ መንግሥቱ ራሱ ሊወድቅ አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ቀርቶት ነበር።

እውነቱን ለመናገር አዋጅ 47 ለብዙ ተከራይ እፎይታ ነበር። ኪራይ ቀንሷል። ከተሜውን አንቀው የያዙት ጥቂት ባለርስቶች ነበሩና ያን ቀን እልል ያለው ሕዝብ አልተሳሳተም። ነገር ግን አዋጁ ቤቱን ከባለቤት ነጥቆ ለተከራይ አልሰጠም፤ ባለቤት የሌለው አደረገው። ቀበሌ በዚያች ኪራይ ጣሪያ ሊያድስ አይችልም። ተከራዩ የእሱ ባልሆነ ቤት ላይ ሲሚንቶ አያፈስም። ቤቱ ሃምሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ዝናብ ሲመታው ኖረ።

ከዚያ የካቲት 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ማሽኖች ፒያሳ ገቡ። ዶሮ ማነቂያና አካባቢው በሳምንታት ውስጥ ሜዳ ሆነ። ሰበቡ የኮሪደር ልማት ነው፤ ከሚነገሩት ምክንያቶች አንዱም «ቤቶቹ አርጅተዋል፣ ለኑሮ አይመቹም» የሚል ነበር። አዎ፣ አርጅተዋል። ግን ማን አስረጃቸው? በ1967 ባለቤት እንዳይኖራቸው የተደረጉትን ቤቶች በ2016 ጠባቂ አጥታችኋል ብለን ነው ያፈረስናቸው። የመጀመሪያው አዋጅ የሁለተኛውን ምክንያት አዘጋጀለት። ያን ቀንም ደንበኛው በር ላይ ነበር፤ ማኪያቶውን ይዞ።

«አንተ ልማት ትጠላለህ» የሚለኝ አይጠፋም። አልጠላም። ሰፊ መንገድ፣ መብራትና የእግረኛ መሄጃ ማን ይጠላል? ከተማ መታደስ አለበት። የእኔ ጥያቄ ስለ ግንቡ አይደለም። ሕንፃ በዓመት ይቆማል፤ ደንበኛ ግን በሠላሳ ዓመት ነው የሚሰበሰበው። ሰፈሩ ሲበተን ገዢውና ሻጩ የከተማው ተቃራኒ ጫፍ ላይ ይደርሳቸዋል፤ ለፈረሰው ግድግዳ ካሣ ቢከፈል እንኳ ለዚያ ትውውቅ የሚከፈል የለም። የ1952ቱ ሕግ ሀብት ነው ያለውን እኛ ዜሮ ብለን እንመዘግበዋለን።

የዚህ ሁሉ ውጤት ነጋዴው ልብ ውስጥ ነው ያለው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ለሹም ነበር የምንተርተው። ዛሬ ነጋዴውም ይተርተዋል። ነገ ሱቁ የእሱ መሆኑን ያላመነ ሰው ዛሬ አትርፎ መውጣት ነው የሚያስበው። ዕቃ ይደብቃል፣ ዋጋ ይቆልላል፣ ትርፉን ሱቁ ላይ አያውለውም። ወርቅ ይገዛል፣ ዶላር ያስቀምጣል፣ ትንሽ ሲጠና አይሱዙ ይገዛል። አይሱዙ ክፉ ቀን ሲመጣ ይነዳል፤ ሱቅ አይነዳም። «ስግብግብ ነጋዴ» እያልን በየመግለጫው የምንወቅሰው ሰው ስግብግብነቱን ከየት እንደተማረ ግን አንጠይቅም።

አንድ ጊዜ ጋሼን ጠይቄያቸው ነበር። ሠላሳ ዓመት ነግደው ሱቁ ለምን ያው ጭቃ ቤት ሆኖ ቀረ? ለምን በብሎኬት አይሠሩትም?

«ልጄ» አሉኝ ሚዛኑን እያስተካከሉ፤ «የሚፈርስበት መሠረት የጣለ ሰው ነው። አባቴ ጥሎ አይቼዋለሁ።»

ያኔ የፈሪ ንግግር መስሎኝ ነበር። አሁን የሒሳብ ሰው ንግግር እንደነበር ይገባኛል። ጦርነቱ መንገዱን ሲዘጋ ሱቁ የመከራ ጊዜ መቆያ ወረት ያልነበረው ከዚህ ሒሳብ የተነሳ ነው። በመቶ ዓመት ውስጥ ሱቅ ተወርሶ፣ ተገድቦ፣ ፈርሶ ያየ አገር ነጋዴ መቶ ዓመት አርቆ አይሠራም። ከአያት ለልጅ ልጅ የተላለፈ ሱቅ በስንት ጣት ትቆጥሩልኛላችሁ?

ጥያቄው የትናንት ብቻ አይደለም። ፒያሳ በፈረሰበት በዚያው በ2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተከልሎ የኖረው የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ተከፈተ። ትልልቆቹ መደብሮች ሊመጡልን ይችላሉ። ይምጡ፤ ሸማቹ ይጠቀማል። እነሱ ግን በውልና በጠበቃ ታጥረው ነው የሚመጡት። በአንጻሩ የሚቆመው የሉማሜና የመርካቶ ነጋዴ ይህን ያህል ዘመን እንዳያድግ የታዘዘ፣ ሲያድግም የፈረሰበት ነው። በፉክክር ቢሸነፍ እንደ ውልዎርዝስ በገዢ ፍርድ ተሸነፈ አንበል፤ ወደ ሜዳው የገባው እግሩን ታስሮ ነውና።

ስለዚህ ለጓደኛዬ የጻፍኩለት መልስ ባጭሩ ይህ ነው። ያንተ ሰፈር መደብር አርጅቶ ሞተ፤ የእኛዎቹ ግን እንዲያረጁ አልተፈቀደላቸውም። ከመንግሥት የምለምነው ብድርም ድጎማም አይደለም። ቤቱ የማን እንደሆነ ይታወቅ፤ የሚፈርስ ከሆነ ነጋዴው ዕቃውን ሸጦ፣ ዱቤውን ሰብስቦ የሚወጣበት ጊዜ ይሰጠው፤ ካሣ ሲሰላ ደንበኛም ይቆጠር። መንገዱም ይከፈት፤ ሰላም ይውረድ። ያለዚህ የቀረው ሁሉ ወሬ ነው።

ባለፈው ሉማሜ ስገባ የጋሼ በር እንደተዘጋ ነው። ከበሩ ፊት አንድ አሥራ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ አንገቱ ላይ ባንጠለጠላት ሣጥን ማስቲካ፣ ሶፍትና ክብሪት ይሸጣል። ሱቅ በደረቴ። አዋጅ የማይወርሰው፣ ማሽን የማያፈርሰው ሱቅ እሱ ብቻ ነው፤ ሮጦ ያመልጣል። ክብሪት ገዛሁትና «ዱቤ ትሰጣለህ?» አልኩት ለቀልድ።

«ነገ የት እንደምሆን አላውቅም እኮ ጋሼ» አለኝ።

ቸር እንሰንብት።