ፖርትላንድ መንገድ ላይ ያለው የአማርኛ ስም

ባለፈው የእረፍት ቀኔ ከአል ዓይን በባስ ተሳፍሬ አቡ ዳቢ ገባሁ። ከእህቶች ጋር ቡና እየጠጣን አንዷ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችን። አሜሪካ፣ ፖርትላንድ ከተማ ያለ የመንገድ ምልክት ነው። ላዩ ላይ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ሙሉጌታ ስራው ይላል። "ምን ዓይነት ባለሀብት ቢሆን ነው ስሙን መንገድ ላይ የሰቀሉለት?" አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔ ታሪኩን አውቀው ስለነበር መሳቅ አቃተኝ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እዚህ ደመወዛችንም ቪዛችንም የሚቆጠረው በሱው አይደል።)

ሙሉጌታ ባለሀብት አልነበረም፣ እንደኛው ሠርቶ አዳሪ ነበር። ለትምህርት ብሎ ሄዶ፣ ኤርፖርት አካባቢ መንገደኛ የሚያመላልስ መኪና ይነዳ ነበር። ትንሽ ልጁ ያኔ ኢትዮጵያ ነበር። በ1988 ኖቬምበር 13 ሌሊት ጓደኞቹ በመኪና አድርሰውት ደጃፉ ላይ ሲሰነባበቱ፣ ፀጉራቸውን የተላጩ የነጭ ዘረኛ ቡድን ወጣቶች መጥተው ጠብ አነሱ። አንዱ በቤዝቦል ዱላ ጭንቅላቱን መታው። ሙሉጌታ ሞተ፣ 28 ዓመቱ ነበር።

ሦስት ወጣቶች ጥፋታቸውን አምነው ታሰሩ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ቤተሰቡ ግን "እነዚህን ልጆች ማን አደራጃቸው?" ብሎ ካሊፎርኒያ የሚኖረውን ቶም ሜትዝገርን ከሰሰ። ሰውየው መልእክተኛ ልኮ ወጣቶቹን ለጥቃት ያነሳሳ ነበር። በ1990 ኦክቶበር የፖርትላንድ ዳኝነት ሸንጎ በሱና አብረውት በተከሰሱት ላይ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። ያን ያህል ገንዘብ ከየት ያመጣል? ቤቱን ግን አጣ።

ሜትዝገር ቀደም ሲል የኩ ክላክስ ክላን አለቃ ነበር። የክላን ነገር ደግሞ ወደ ኋላ ይወስደናል፣ የአሜሪካ ጥቁሮች ከባርነት ወደወጡበት፣ "መልሶ ግንባታ" ወደሚባለው ዘመን። እኔ ይሄን ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት በ2013 ኖቬምበር ነው፤ ሪያድ፣ መንፉሃ ሰፈር የአገራችን ልጆች ሲደበደቡ በስልክ ያየን ጊዜ። ሌሊት ዕቃ አጥቤ ስጨርስ እንቅልፍ እምቢ ይለኝና "መንግሥት የሚባለው የት ሄደ?" እላለሁ። መንግሥት ተነስቶ እንዲህ ያለውን ቡድን ሲጋፈጥ ምን እንደሚሆን ማወቅ ፈለግሁ።

ሰሜን ካሮላይና ላይ የሆነው እንዲህ ነው። ዋያት አውትሎው የሚባል ጥቁር አናጢ በግራሃም ከተማ የሕግ አስከባሪ ሆኖ ተሹሞ ነበር። በ1870 ፌብሩዋሪ ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ሌሊት ከቤቱ ጎትተው አውጥተው ሰቀሉት። የሰቀሉት ደግሞ ጫካ ወስደው አይደለም፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ያለ ዛፍ ላይ ነው። በሜይ ደግሞ ጆን ስቲቨንስ የሚባለውን ነጭ የስቴቱ ምክር ቤት አባል፣ የጥቁሮች ወገን ነው ብለው፣ በሌላ አውራጃ፣ ፍርድ ቤት ሕንፃ ውስጥ ገደሉት። የስቴቱ ገዥ ዊልያም ሆልደን ሁለቱን አውራጃዎች በዐመፅ ላይ ናቸው ብሎ አወጀና ሚሊሺያ ላከ። መቶ ያህል ሰው ተያዘ።

ከዚያ የሆነው ነው የሚያናድደኝ። ነፃ የወጡትን ለመጠበቅ ተብሎ የወጣውን ሕግ የታሳሪዎቹ ጠበቆች ተጠቀሙበት፤ የፌዴራሉ ዳኛም "ያለ ፍርድ አትታሰሩም" ብሎ ለቀቃቸው። ሕጉማ ትክክል ነው፣ ያለ ፍርድ መታሰር ምን እንደሆነ እኛም እናውቃለን። ግን አውትሎውን ያለ ፍርድ የሰቀለውን ማን ጠየቀው? አንድም ሰው አልተፈረደበትም። በኦገስት ምርጫ ተቃዋሚዎቹ አሸነፉና በ1871 ማርች ሆልደንን ከሥልጣን አወረዱት። በአሜሪካ ታሪክ በምክር ቤት ተከሶ የተሻረ የመጀመሪያው የስቴት ገዥ እሱ ነው። የስቴቱ ሴኔት ይቅርታ እንዲደረግለት ድምፅ የሰጠው በ2011 ነው፣ 140 ዓመት ቆይቶ።

አርካንሳስ ላይ ገዥው ፓወል ክሌይተን ከሁለት ዓመት በፊት ወታደራዊ ሕግ አውጆ፣ ጥቁሮችም ያሉበት ሚሊሺያ አዝምቶ ክላንን ሰብሮት ነበር። እንደ እኔ ልዩነቱ በድፍረት አይደለም፤ ክሌይተን በዘመቻው ጊዜ የሚደግፈው ምክር ቤት ነበረው።

ኦሪገንም፣ የፖርትላንድ ስቴት ማለት ነው፣ ንጹሕ አልነበረችም። ጥቁር ሰው መጥቶ እንዳይኖር የሚከለክለው አንቀጽ ከሕገ መንግሥቷ የወጣው በ1926 ነው። ለሙሉጌታ የፈረደው ሸንጎ የተቀመጠው እዚችው ስቴት ውስጥ ነው።

ይሄን ሁሉ ስናወራ ቡናው በረካ ደረሰ፣ የባሴም ሰዓት ቀረበ። ያቺ እህት ፎቶውን አገር ቤት ላሉት እናቷ ልትልክ ስልኳን ትነካካለች። "እማዬ እንግሊዝኛ አታነብም" አለች፣ "ይቺን ግን ታነባታለች።"