ክሬሙ ከሱፍ፣ ፍሬው ከቀጋ

አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ሳትሰሙ አትቀሩም። ታንክስጊቪንግ የሚሉት የምስጋና በዓላቸው በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ይውላል። የእኛ ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል፤ በነሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 24፣ አንዳንዴም 25 መሆኑ ነው። ስለዚህ ብዙውን ዓመት በዓሉ ጾማችን ላይ ይወድቃል። ተርኪው ይቅር፣ ግድ የለም። ያ ቀይ የክራንቤሪ ሰላጣስ? ጥሬው ክራንቤሪ ተከትክቶ ከፖምና ከለውዝ ጋር በስኳር ይለወሳል፤ እስከዚህ ድረስ ሁሉም የጾም ነው። ጾም የሚያስገድፈው ከላይ የሚደፋበት ክሬም ነው።

እናንተዬ፣ የዚህ ክሬም መላ ጋይንት ቢገኝስ?

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ሲባል ታሪክ ወዳዱ ሁሉ ቶሎ የሚያስታውሰው አጼ ቴዎድሮስን ነው። በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ መንገድ እያስጠረጉ ያለፉት በዚሁ በጋይንት በኩል ነውና። ስለ መድፉ ብዙ ተጽፏል። እስቲ ዛሬ ደግሞ ወደ ጓዳው እንግባ።

አገሩ የጾም አገር ነው። የድጓ መምህር መሆን የሚፈልግ ተማሪ ሄዶ የሚያስመሰክረው ጋይንት ቤተልሔም ነው። ድጓ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ነው፤ በዐቢይ ጾም የሚዜመው ክፍል ስሙ ራሱ ጾመ ድጓ ይባላል። እንግዲህ የጾሙ ዜማ በሚመሰከርበት አገር ረቡዕና ዓርብ፣ ነቢያት፣ ፍልሰታና 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም ሲመጣ ወተቱም፣ ቅቤውም፣ አይቡም ለማዕድ አይቀርብም። ባለሙያዋ ምን ታድርግ? ከእህል ወተት ታወጣለች።

ሱፍ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ገበሬው ብዙ ጊዜ ሰፊ ማሳ አይሰጠውም፤ ከሌላ ሰብል ዳር ዳር ይዘራዋል። እሾኻም ስለሆነ ከብት አይደፍረውም፤ አጥርም ምግብም ነው ማለት ነው። ፍሬው በስሱ ተቀቅሎ ወይም ታምሶ ይወቀጣል፣ በውሃ ይበጠበጣል፣ ይጠለላል። የሚወርደው ነጭ ውሃ ላላየው ሰው ወተት ነው። በእንጀራ ሲፈተፈት ሱፍ ፍትፍት ይሆናል፤ ከባቄላ ዱቄትና ከስናፍጭ ጋር ተሠርቶ ሲብላላ ደግሞ ስልጆ ይሆናል። አዚፋም አለላችሁ፦ ምስር ተቀቅሎ ይቀዘቅዝና በሎሚ፣ በሽንኩርት፣ በቃሪያና በስናፍጭ ይለወሳል። ፈረንጅ ይህን ሲያይ ስሙን ሳይጠይቅ «ሰላጣ» ይለዋል። ቃሉ ከባሕር ማዶ ይምጣ እንጂ ነገሩ ቤታችን ነበር።

በአጭሩ፣ የሰላጣውን ግማሽ ማለትም ክሬሙን ጾም ማዕድ ላይ አወጣው። ሌላው ግማሽ፣ ቀዩ ፍሬስ?

እሱም አለ። ደጋው ላይ ቀጋ አለ፤ ቀይ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ እሾኽ ውስጥ የሚለቀም። ወረድ ሲባል አጋም አለ። እንጆሪም አለ። ግን ማን ይበላቸዋል? እረኛ። የቆሎ ተማሪም መንገድ ላይ ካገኘ አያልፈውም። ከዱር ወደ አፍ ነው እንጂ በሰሐን ለእንግዳ ሲቀርብ አይታይም።

«የዱር ፍሬ ስለሆነ ነዋ!» የሚል ካለ ክራንቤሪም የዱር ፍሬ ነበር። በሰሜን አሜሪካ ረግረግ ላይ የሚበቅል፣ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ከጥንት የሚለቅሙት ፍሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1816 ማሳቹሴትስ ውስጥ ሄንሪ ሆል የተባለ ሰው ነፋስ አሸዋ ያለበሰው ክራንቤሪ ከሌላው በተሻለ ማፍራቱን አስተዋለና ያለማው ጀመር። በ1863 ፕሬዚዳንት ሊንከን ታንክስጊቪንግን ብሔራዊ በዓል አድርገው አወጁ። በ1912 ማርከስ ዩራን የተባለ ጠበቃ ፍሬውን በጣሳ ማሸግ ያዘ። አንዱ አለማው፣ አንዱ ቀን ሰጠው፣ አንዱ አሸገው። ዛሬ ያ የረግረግ ፍሬ ከሌለ በዓሉ በዓል አይመስላቸውም።

ቀጋ ከነዚህ ሦስቱ አንዱንም አላገኘም። እንደኔ እምነት ከዚህም የከፋ ነገር ገጥሞታል፤ ከረሃብ ጋር ተዛምዷል። ይህ አካባቢ ድርቅ የሚደጋግመው አገር ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ከደረሳቸው ወረዳዎች መካከል ናቸው። እህል ሲጠፋ ሰው ወደ ዱሩ ያያል። በክፉ ቀን የተበላ ነገር ደግሞ በደግ ቀን ለእንግዳ ሲቀርብ ያሳፍራል፤ ችግርን በሰሐን አድርጎ እንደማቅረብ ይሆናል። ሱፍም የውድ ሰው ምግብ አልነበረም። ግን ሀብታሙም ድሃውም በአንድ ቀን ስለሚጾሙ ባለ ብዙ ከብቱም ባለ ባዶ በረቱም እኩል በልተውታል። ሱፍን ከሐፍረት ያዳነው ይህ ነው። ቀጋን ድሃ ብቻውን በላው።

እንግዲህ ነገሩን ወደ ሰሐን እናምጣው። አንድ ብርጭቆ ሱፍ ለቅማችሁ እጠቡና በስሱ ቀቅሉት። በትንሽ ሙቅ ውሃ በብሌንደር ፍጩት፣ በስስ ጨርቅ ጥሩ አድርጋችሁ ጨምቁት። ውሃ ካበዛችሁ መጠጥ ይሆናል፤ ካሳነሳችሁ ክሬም ነው። ቁንጥር ጨው፣ ስኳርና ጥቂት ሎሚ ጨምሩበት። አሜሪካ ያላችሁ ጥሬ ክራንቤሪ ከትክታችሁ ከፖም ጋር ለውሱትና ክሬሙን አፍሱበት። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ቀጋ ካገኛችሁ ሰንጥቃችሁ ውስጡን በደንብ ጥረጉት፤ ዘሩን የከበበው ጸጉር ጉሮሮ ይከረክራል፣ እረኛ የሆነ ያውቀዋል። ከዚያ እንደ ክራንቤሪው ነው።

ታዲያ ስታቀርቡት «የእረኛ ምግብ ነው» ብላችሁ ይቅርታ አትጠይቁ። ቀጋ ማለት ነው፣ በሱፍ ክሬም። በስሙ ጥሩት።

ቸር እንሰንብት።