ከተራራ ወደ ሰማይ፦ ቴሌቪዥን ከሚሴ የሚደርስባቸው መንገዶች

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ቀኑ በአጋጣሚ አልተመረጠም። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ነበር። ስቱዲዮው አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነው የተከፈተው። ስሙ "የኢትዮጵያ" ይባል እንጂ ሞገዱ ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ ብዙም አይርቅም ነበር። ጎጃምም ወሎም ስለ ቴሌቪዥን የሚሰማው በሬዲዮ ነው።

ለምን ቢባል መልሱ ፖለቲካ ብቻ አይደለም፤ ምድር ክብ ስለሆነች ነው። የቴሌቪዥን ሞገድ እንደ አጭር ሞገድ ሬዲዮ ከሰማይ ነጥሮ አይመለስም። ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ከአድማስ በታች ያለውን ይስተዋል። መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ፦ የማሰራጫውን ከፍታ በሜትር ወስደህ ስኩዌር ሩቱን በ4.12 ስታባዛው ሞገዱ የሚደርስበትን ርቀት በኪሎ ሜትር ታገኛለህ። 100 ሜትር ምሰሶ 41 ኪሎ ሜትር ይሰጥሃል። ከሚሴ ከአዲስ አበባ በመንገድ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ በአየር መስመር ደግሞ ወደ 220። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ቀጥታ ከሚሴን ለማግኘት ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ምሰሶ ያስፈልጋል ማለት ነው። ያውም መሬቱ ሜዳ ከሆነ! መሀል ላይ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጣርማ በር ቆሟል።

እናም ያለው አማራጭ ቅብብሎሽ ነው። አንዱ ተራራ ላይ ያለ ጣቢያ ከሌላው ይቀበላል፣ አጉልቶ ቀጣዩ ሸለቆ ውስጥ ያፈሰዋል። በወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል። በተግባር ግን እያንዳንዱ ተራራ መብራት፣ ጄኔሬተር፣ ነዳጅ፣ ጥበቃና እስከ ጫፉ የሚያወጣ መንገድ ይፈልጋል። አንዷ ጣቢያ ስትጠፋ ከእሷ ምልክት የሚቀበሉት ሁሉ አብረው ይጠፋሉ። ሶፍትዌር የምንጽፍ ሰዎች "ሲንግል ፖይንት ኦፍ ፌይለር" የምንለው ነገር የኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ኖሯል።

አሁን የዞኑን መልክ አስቡት። ከሚሴ ቦርከና ወንዝ በሚያልፍበት ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በስተምዕራብ የደጋው ገደል እንደ ግድግዳ ይነሣል፤ በስተምሥራቅ ኮረብቶቹ እየወረዱ ወደ አፋር ይዘልቃሉ። በደቡብ ሰንበቴ አለች። ባቲ ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ፣ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር በሚወርደው መንገድ ላይ፣ በራሷ ኮረብቶች ተከባ ትገኛለች። ለአስተዳደር አንድ ዞን ነው። ለሞገድ ግን ጎን ለጎን የተቀመጡ ሳህኖች ናቸው። ጨፋ ሜዳ ላይ የሚያበራ ማሰራጫ ባቲን አያያትም። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንን በአንድ ምሰሶ እሸፍናለሁ የሚል ሰው ካለ ካርታ ብቻ ነው ያየው፤ መንገዱን በአውቶቡስ አልሄደበትም።

የድሮው የአናሎግ ዘመን አንድ በጎ ጠባይ ነበረው፦ ቀስ ብሎ ነው የሚከዳህ። ምልክቱ ሲደክም ሥዕሉ ነጭ ነጥብ በነጥብ ይሆናል፣ ጥላ ያወጣል፣ ድምፁ ግን ይሰማል። አንድ ልጅ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል፣ ከታች "በቃ! እዚያው ጋ ያዘው!" ይባላል፣ ልጁ ሲወርድ ደግሞ ሥዕሉ ይበላሻል። ይኼን የማያውቅ የክፍለ ሀገር ልጅ ያለ አይመስለኝም። ዲጂታል እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። ምልክቱ ከተወሰነ ደረጃ በላይ ከሆነ ሥዕሉ ጥርት ይላል፤ በትንሹ ከወረደ ይሰባበርና ጭልም ይላል። መሀል የሚባል ነገር የለም።

በ1977 ዓ.ም. መባቻ የአብዮቱ 10ኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ ሲከበር ቴሌቪዥኑ ቀለም ለበሰ። ቀለም ገባ፣ ቻናሉ ግን ያው አንድ ነበር። ለከሚሴ ሰው የዚህ ትርጉም ከቴክኒክም ያልፋል። በከተማዋ ኦሮምኛውም አማርኛውም አንድ ቤት ውስጥ ይነገራል፤ በዞኑ አርጎብኛ ተናጋሪም አለ። በአናሎግ አንድ ፍሪኩዌንሲ አንድ ቻናል ብቻ ይይዛል። አንድ ቻናል ደግሞ 24 ሰዓት ነው ያለው። ስለዚህ ቋንቋዎች ሰዓት ይሻማሉ። ብሔራዊው ጣቢያ አማርኛን፣ ኦሮምኛንና ትግርኛን በየተራ ያቀርብ ነበር። የክልሉ መገናኛ ብዙኃንም ከአማርኛው "በኩር" ጋዜጣ ጎን በኦሮምኛ "ህርኮ"ን አሳተመ፤ በቴሌቪዥኑም ለኦሮምኛ፣ ለኽምጣንኛና ለአዊኛ ሰዓት መደበ። "ሰዓት መመደብ" የሚለው አነጋገር ራሱ ከአናሎግ የተወለደ ነው። የእናትህ ቋንቋ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሰማ የሚወስንልህ የፍሪኩዌንሲ እጥረት ነበር፤ ቢያንስ ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ እሱ ነበር።

ከዚያ ሰማዩ ተከፈተ። ዲሽ መጣ።

ዲሽ ለተራራ ግድ የለውም። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የከሚሴን አቅጣጫ እስቲ ላስላው ብዬ ተቀምጬ ነበር፦ ናይልሳት ካለበት 7 ዲግሪ ምዕራብ ለመቀበል ዲሹ ወደ ምዕራብ ዞሮ 35 ዲግሪ ያህል ቀና ማለት አለበት። የደጋው ግድግዳ ከዚያ በታች ነው የሚቀረው። ጣርማ በር ለሠላሳ ምናምን ዓመት ያስቸገረውን ነገር አንድ ሳህንና አንድ ኤልኤንቢ በአንድ ከሰዓት ፈቱት።

ግን ከሰማይ የሚመጣውን ነገር አዲስ አበባ አልመረጠችውም። ኢሳት በ2002 ዓ.ም.፣ ኦኤምኤን ደግሞ በ2006 ዓ.ም. በውጭ ባሉ ኢትዮጵያውያን ተከፈቱ። ኦኤምኤን በዋናነት በኦሮምኛ ያወራል፤ ሰዓት የመደበለት የለም። መንግሥት የሰጠው ምላሽም የምሕንድስና ነበር። ሳተላይትን ማፈን ቀላል ሐሳብ ነው፦ ከምድር ወደ ሳተላይቱ በዚያው ፍሪኩዌንሲ የበረታ ጩኸት ትልካለህ፣ ሳተላይቱ የቱ እውነተኛ እንደሆነ አያውቅም፣ ሁለቱንም አቀላቅሎ ይመልሳል። ችግሩ ጩኸቱ አንዱን ጣቢያ ብቻ መርጦ አይመታም፤ በዚያው ትራንስፖንደር ላይ ያሉትን ጎረቤቶች ሁሉ ይዞ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 ቢቢሲ፣ ዶይቼ ቬለና ፍራንስ 24ን ጨምሮ ዓለም አቀፍ ጣቢያዎች በዐረብሳት ላይ ስርጭታቸው መታፈኑን ገልጸው፣ ጩኸቱ የሚነሣው ከኢትዮጵያ ነው ብለዋል። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደግሞ ከቴክኒኩ ወጥቶ ወደ ሳሎን ገባ፤ ኢሳትንና ኦኤምኤንን ማየት በመመሪያ ተከለከለ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. በሁለቱ ላይ የነበረው ክስ ተነሣ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሌላ ታሪክ በጸጥታ እየተጻፈ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ጄኔቫ ላይ የአውሮፓ፣ የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች ተስማምተው የአናሎግ ቴሌቪዥን የሚቆምበትን ቀን ቆረጡ፦ ሰኔ 17፣ 2015። በዚያው ስምምነት ለየአገሩ የዲጂታል ፍሪኩዌንሲ ተከፋፈለ። ታንዛኒያ በ2012 መጨረሻ ዳሬሰላም ላይ ማጥፋት ጀመረች። ኬንያ በየካቲት 2015 አናሎጉን ስትቆርጥ ትልልቆቹ የግል ጣቢያዎች ተቃውመው ለሦስት ሳምንት ገደማ ከአየር ወጡ፤ ናይሮቢ ውስጥ ቲቪ ያለው ሰው ሁሉ ስለ ሴት-ቶፕ ቦክስ ያወራ ነበር። ኢትዮጵያም በዚያው በ2015 ከአሜሪካው ጌትስኤር ጋር ዲቪቢ-ቲ2 በሚባለው አሠራር የአገር አቀፍ ማሰራጫዎች ግንባታ ውስጥ ገባች።

ቀኑ ደረሰ፣ አለፈ። እኛ ጋ ስለ ሴት-ቶፕ ቦክስ ማን አወራ? ሕዝቡ ቀድሞ ዲሽ ላይ ነበር። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ቃና የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ይዞ መጣ፣ ያልነበረውም ሰው ዲሽ ገዛ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ከግብፁ ናይልሳት ወጥተው ኢትዮሳት በሚል ስም ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ተዛወሩ። የከሚሴው ዲሽ ከምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞረ፤ ቀና የሚልበትም ወደ 66 ዲግሪ ከፍ አለ። እነዚያን ወራት ዲሽ የሚያስተካክሉ ልጆች አንድ ጣሪያ ወርደው ሌላ ጣሪያ ነበር የሚወጡት።

ታዲያ የምድሩ ማሰራጫ አሁን ምን ይሠራል? ብዙ ጓደኞቼ ጉዳዩ አልቋል ይላሉ፤ ሳተላይት አለ፣ ዩቲዩብ አለ። እኔ አልስማማም፣ ምክንያቴም ሁለት ነው።

አንደኛው ሳተላይት ቅርብ ቦታን አያውቅም። አንድ ጣቢያ ወደ ሳተላይት ሲወጣ ከሞያሌ እስከ ሁመራ ያለው ሰው እኩል ያየዋል፣ ኪራዩንም የሚከፍለው ለዚያ ሁሉ ስፋት ነው። የባቲ ሰኞ ገበያ ላይ የግመል ዋጋ ስንት ዋለ የሚለውን ዜና በዚያ ዋጋ ማንም አያሰራጭም። የአካባቢ ማሰራጫ ግን ለአካባቢው ብቻ ማብራት ይችላል። በቲ2 ደግሞ በድሮው የአንድ ቻናል ቦታ፣ በ8 ሜጋኸርዝ፣ በሰከንድ ከ30 እስከ 40 ሜጋቢት ይገባል። በመደበኛ ጥራት ከ15 ያላነሱ ቻናሎች ማለት ነው። ኦሮምኛ ከአማርኛ ሰዓት የሚሻማበት የቴክኒክ ምክንያት እዚህ ላይ ያበቃል። ከዚህ በኋላ "ሰዓት የለም" የሚል ካለ ሌላ ምክንያት አለው።

ሁለተኛው ስልክ ሲዘጋ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ኮምቦልቻንና ከሚሴን አልፎ ወደ ሸዋ ሲወርድ፣ በኋላም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ "መንገዱ ክፍት ነው ወይ?" የሚለውን ጥያቄ የሚመልስ ሩቅ ያለ ጣቢያ አልነበረም። እርግጥ ተቃራኒውም እውነት ነው፤ ኮረብታውን የያዘ ቴሌቪዥኑን ይይዛል። ሳተላይትን አንድ ታጣቂ ቡድን ወጥቶ አያጠፋውም። ይኼን የሚዘነጋ እቅድ ሳይ ያሳቀኛል፣ ግን ጥቅሙን አያስቀረውም።

ደግሞ ቲ2 የተሠራው ከሚሴን ለመሰለ ቦታ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። በአናሎግ ሥዕሉ ላይ ጥላ ያወጣ የነበረው ከገደሉ ነጥሮ ዘግይቶ የሚደርሰው ሞገድ ነው። ቲ2 ከ400 ማይክሮሰከንድ በላይ የዘገየ ማሚቶን መታገሥ እንዲችል ተደርጎ ሊዘጋጅ ይችላል። በርቀት ሲሰላ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ዞሮ የመጣ ሞገድ ማለት ነው። እንዲያውም ማሚቶው ምልክቱን ያግዘዋል። ሰንበቴ፣ ከሚሴና ባቲ ላይ ሦስት አነስተኛ ማሰራጫዎች በአንድ ፍሪኩዌንሲ አንድ ላይ ማብራት ይችላሉ፤ ተቀባዩ የአንዱን ሞገድ እንደ ሌላው ማሚቶ ይቆጥረዋል።

መቀበያው ደግሞ ብዙ ቤት ውስጥ ገብቷል። በቅርብ ዓመታት ከተገዙት ቲቪዎች የብዙዎቹ ካርቶን ላይ "ቲ2" የሚል ጽሑፍ አለ። ከኋላው፣ የሪሲቨሩ ገመድ ከተሰካበት ኤችዲኤምአይ ጎን፣ አንዲት ክብ የአንቴና ቀዳዳ ታገኛላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካው ፕላስቲክ ክዳን ገና አልወለቀላትም።