አንድ ፈንገስ፣ ሁለት ስም

ለአንድ መቶ ዓመት ያህል አንድ ፈንገስ ሁለት ሳይንሳዊ ስም እንዲኖረው የሳይንሳዊ ስያሜ ሕጉ ራሱ ይፈቅድ ነበር። ሕጉ ቀርቶ አንድ ስም ብቻ እንዲጸና መደረጉ ተገቢ ነው። ሆኖም የቀድሞዎቹ ሊቃውንት ግድየለሾች አልነበሩም። ብዙ ፈንገሶች በጾታዊ መንገድም ያለ ጾታም ይራባሉ፤ በሁለቱ ወቅት የሚያወጡት አካል አይመሳሰልም፤ አብዛኛውን ጊዜም አብሮ አይታይም። የስንዴ ግንድ ዋግን እንይ። አገዳው ላይ ዝገት የመሰለ ዱቄት ያወጣል፤ አዝመራው ሲደርስ ይጠቁራል። በርበሪ በሚባለው ቁጥቋጦ ቅጠል ሥር ግን ብርቱካንማ ጥቃቅን ጽዋዎች ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በስንዴው ላይ ያለው ፑክሲኒያ፣ በቁጥቋጦው ላይ ያለው ኤሲዲየም ተብሎ ለየብቻ ተመዘገበ። ገበሬዎች ግን ዝምድናውን ቀድመው ጠርጥረው ነበር፤ በአሜሪካ የኮኔቲከት ቅኝ ግዛት ገና በ1726 (እ.ኤ.አ.) ከተሞች በርበሪን እንዲያስነቅሉ ፈቅዷል። ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ በ1865 ከስንዴው ዋግ የተገኙ ስፖሮችን በበርበሪ ቅጠል ላይ ዘርቶ ጽዋዎቹ ሲበቅሉ በማየት ነገሩን አረጋገጠ።

ታዲያ ይህ ከታወቀ በኋላ ሁለት ስም ለምን ቀጠለ? የ1910ሩ የብራስልስ ዓለም አቀፍ የእጽዋት ጥናት ጉባኤ ልምዱን ያጸናው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የብዙ ፈንገሶች ጾታዊ አካል ጨርሶ አልተገኘም ነበር፣ ያለ ስም ደግሞ ስለ በሽታ መነጋገር አይቻልም። ይህ ምክንያት ዲኤንኤ ማንበብ እስኪቻል ድረስ ያስኬድ ነበር። ዘረመሉ ሁለቱን አካላት ካገናኘ ወዲህ ግን ሁለተኛው ስም የሚጨምረው ውዥንብር ብቻ ነው፤ በ2011 የሜልቦርን ጉባኤም ከጥር 1 ቀን 2013 ጀምሮ ሻረው።

የለመድነው ስም ሲቀየር ገበሬና ሐኪም ይደናገራሉ የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ስጋቱ እውነት ነው፤ አዲሱ ሕግም በሰፊው የሚሠራበት ስም እንዲጠበቅ መንገድ ትቷል። ግን ድንግርግሩ የቆየውስ በሁለቱ ስም አይደለም? የኢትዮጵያን ቡና የሚያደርቀው ፈንገስ በአንዱ ጽሑፍ ጂበሬላ፣ በሌላው ፉዛሪየም ዛይላሪዮይደስ ተብሎ ሲጻፍ ኖሯል፤ አንዱን ብቻ የፈለገ አንባቢ ሌላውን ግማሽ ያጣል። ፉዛሪየም የ1809፣ ጂበሬላ የ1877 ስም በመሆናቸው ቀዳሚው ጸንቷል። ስለ ቡናችን በሽታ የሚያጠና ሁሉ አዲሱን ሲጽፍ በፉዛሪየም ይጻፍ፤ የቆዩ ሰነዶችን ሲያገላብጥ ግን በሁለቱም ስም ይፈልግ።